ጥላው ከአንቀልባ ይጀምር



ስለ ልጆቻችን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ምግባቸውን፣ ትምህርታቸውንና ጸባያቸውን ነው። ዛሬ ግን ስለ ቆዳቸው እንድናወራ እወዳለሁ። በተለይም በሕፃንነት የወረደ ፀሐይ በጎልማሳነት ስለሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ጥቂት ልንገራችሁ። «እርሱማ የፈረንጆች በሽታ አይደለም ወይ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የቆዳችን ጥቁረት ፈጣሪ ያለበሰን ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን ይህን ልብስ ሳይለብሱ የሚወለዱ ልጆች በመካከላችን አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸውን ልጆች ማለቴ ነው። ለእነርሱ የቆዳ ካንሰር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው የሚገድላቸው በሽታ ነው። መነሻው ግን ያን ጊዜ ሳይሆን ገና እናታቸው ጀርባ ላይ ሳሉ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው፣ የምኖረውም ከመጋቢ ባለቤቴ ጋር ምእመናንን በማገልገል ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜን በዚህ በሽታ ቀብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን እየጠየቅኩና እያነበብኩ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የወንድሜ ነገር

ወንድሜ በ1976 ዓ.ም. ሲወለድ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር ነበር። ጠጉሩ የጤፍ ጭድ ይመስላል። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አይረጉም፣ ብርሃን ሲያዩ ይጨፈናሉ። ጎረቤቶች አንዳንዱ «ለምጽ ነው» አለ፣ አንዳንዱ «እርጉዝ ሆና በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው» አለ። እናታችን ግን እንደ ሌሎቻችን ወደደችው፣ እንደ ሌሎቻችንም አሳደገችው። ጠዋት ጠዋት ገላውን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ታሞቀው ነበር። ቆዳው በርበሬ ሲመስል «ሙቀት ነው» ትል ነበር። ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሲያድግ ጥጃ ጠበቀ። ትምህርት ቤት ሲገባ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም ነበር። መምህሩ ሰነፍ መሰለው፣ ልጆቹም «ፈረንጅ» እያሉ አሳደዱት። አራተኛ ክፍል ላይ ተወው። ያልተማረ ልጅ በእኛ አካባቢ የሚያገኘው ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ። ከንፈሩ ሲቆሳስል «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተቀባ። ሃያ ዓመት ሲሆነው ጉንጩና የእጁ ጀርባ እንደ አሸዋ ሻከረ። በሃያ አራት ዓመቱ ከጆሮው ጀርባ ባቄላ የምታህል ቁስል ወጣች። ክሊኒክ ሄዶ መርፌ ተወጋ፣ ቅባት ተሰጠው። ቁስሏ አንዴ ስትደርቅ አንዴ ስትደማ ከረመች። አዲስ አበባ ድረስ አምጥተን ስናስመረምረው ካንሰሩ ወደ አንገቱ ዕጢዎች ተሠራጭቶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ።

በዚያ ሰሞን አንድ አረጋዊ ሐኪም ያለኝን አልረሳም። «ይህ ቁስል የዛሬ አራት ዓመት የጀመረ አይምሰልሽ፣ ወንድምሽ ገና ሲድህ የጀመረ ነው» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ንግግር ነው።

ቆዳ አይረሳም

ለቆዳችን፣ ለጠጉራችንና ለዓይናችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን ጌጥ ብቻ አይደለም። አልትራቫዮሌት የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሳይገባ ይይዘዋል። አልቢኒዝም ማለት ሰውነት ሜላኒንን በበቂ መጠን መሥራት ሲያቅተው ነው። ለምጽ አይደለም፣ ተላላፊም አይደለም። ሜላኒን ለዓይን ዕድገትም ስለሚያስፈልግ እነዚህ ልጆች የማየት ችሎታቸው ደካማ ነው።

ጨረሩ ወደ ቆዳ ሲገባ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዘረ መል ይጎዳል። ሰውነታችን አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ያልተጠገነው እየተጠራቀመ ይሄዳል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ሕዋሳቱም በፍጥነት ይባዛሉ፣ ገናም ረጅም ዕድሜ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በልጅነት የተከማቸ ጉዳት እንደ አራጣ ብድር ከዓመታት በኋላ ከነወለዱ ይጠየቃል።

ይህ ግምት አይደለም። በናይጄሪያ አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ካለፈው መካከል ከካንሰር ወይም ከካንሰር ቅድመ ምልክት ነፃ የሆነ ሰው እንዳልተገኘ ይናገራል። በታንዛኒያ ተጠንቶ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የቆዳው ጉዳት ገና በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት እንደሚታይ አሳይቷል። ከአውስትራሊያም የምንማረው አለ። ወደዚያ የፈለሱ ነጮች ዓይነቱ ለየት ያለ፣ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ያጠቃቸዋል። ከ10 ዓመታቸው በፊት የገቡት አደጋቸው እዚያው ከተወለዱት ጋር ሲመሳሰል፣ ካደጉ በኋላ የገቡት ግን አደጋቸው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፀሐይዋ አንድ ናት፣ የለየው በስንት ዓመታቸው እንዳገኘቻቸው ነው። ዛሬ በዚያች አገር በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባርኔጣ ያላደረገ ልጅ ሜዳ ላይ እንዲጫወት አይፈቀድለትም።

የእኛ አገር ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ደጋ የምንኖር ሰዎች ብርዱ ያታልለናል። ሆኖም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰማዩ ሳሳ ባለ ደመና ሲሸፈንም እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨረር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ፀሐይ የለም» ብሎ ባርኔጣ ማስወለቅ አያዋጣም።

ጥፋቱ የማን ነው?

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከምእመናኖቻችን አንዷ ወጣት እናት የወር ልጇን በፎጣ ጠቅልላ ቤታችን መጣች። ልጅቱ አልቢኒዝም አለባት። ባሏ «ይህች የእኔ ልጅ አይደለችም» ብሎ ቤት ማደር ትቷል። አማቷ ደግሞ «የተደበቀ ኃጢአት አለብሽ፣ ጹሚ» ብላታለች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ከእርሱ ሌላ ወንድ አላውቅም» ብላ አለቀሰች።

ባለቤቴ ሰውየውን አስጠራውና ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጥናቸው። ከጓዳ ቀይና ነጭ ቦሎቄ አምጥቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ሰጠኋቸው። «ይህ ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁት ነው» አልኳቸው። «ቀይዋ ስላለች የእናንተ ቆዳ ጥቁር ሆነ፣ ነጯ ግን ተደብቃ አብራችሁ ትኖራለች። ልጅ ሲወለድ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ትሰጣላችሁ። ከሁለታችሁም ነጯ የደረሰችው ልጅ እንዲህ ሆና ትወለዳለች። ይህም በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል አለው።» ሰውየው ቦሎቄዎቹን እያገላበጠ ቆየና «ታዲያ ከእኔም ነው ማለት ነው?» አለ። «ከአንተም ከእርሷም ነው» አልኩት። አልተናገረም፣ ግን በዚያው ሳምንት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ውድ አንባቢዎች፣ ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያገኝ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው እንደ ጠየቁት ታስታውሳላችሁ። ጌታ ሁለቱንም እንዳልተቀበለ እያወቅን ጥያቄውን ዛሬም በአራስ ቤት የምንጠይቅ አለን። ወሬው እናትን ማቁሰሉ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። እናቲቱ አፍራ ልጇን ከሐኪም ትደብቃለች፣ ጊዜዋንም ጥፋት በመፈለግ ታባክናለች። ያ ጊዜ ግን የልጁ ቆዳ የሚጠበቅበት ወይም የሚጎዳበት ጊዜ ነው።

ፀሐይ ማሞቅ ለሁሉም አይደለም

ይህን ክፍል እናቶችና አያቶች አስተውላችሁ አንብቡልኝ። ሕፃናትን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ጥሩ ልማድ ነው። ሰውነታቸው ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ፣ አጥንታቸው እንዳይለሰልስና እግራቸው እንዳይወላገድ ይረዳል። ጤና ጣቢያም የሚመከረው ይኸው ነው። አልቢኒዝም ላለበት ሕፃን ግን ይህ መልካም ምክር ጉዳት ነው። የእርሱ ቆዳ ጨረሩን የሚያግድ ነገር ስለሌለው በጥቂት ብርሃን ቫይታሚኑን ይሠራል። ፀሐይ ላይ ተገልጦ መተኛት አያስፈልገውም። ቅቤና ቫዝሊንም ከፀሐይ አይከላከሉለትም። ስጋት ካላችሁ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ።

ባርኔጣ ማድረግ እምነት ማጉደል ነው ወይ?

አንዳንድ ወገኖች «ጸልየንለታል፣ ለምን ትሸፋፍኑታላችሁ?» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እጸልያለሁ። ነገር ግን ዮናስ ከነነዌ ውጭ ተቀምጦ ሳለ እግዚአብሔር ለራሱ ጥላ እንዲሆነው ቅል እንዳበቀለለት አንብበናል። ለነቢዩ ራስ ጥላ ያዘጋጀ አምላክ ለሕፃን ራስ ባርኔጣ ስናዘጋጅ አይቆጣንም። ጸሎትና ጥላ አብረው ይሄዳሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰዓቱን እንወቅ። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ገበያውም፣ ጥየቃውም፣ ጨዋታውም ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በአንቀልባ ላይ ሳለ ራሱና እግሩ ከአንቀልባው እንደሚወጡ አስተውሉ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ያሳልፋል፣ ደርባችሁ አልብሱት። ካልሲ አድርጉለት፣ ጃንጥላ ያዙ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ዋናው መከላከያ ቅባት ሳይሆን ጥላና ልብስ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲራመድ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይልበስ፣ የክፈፉ ስፋት ቢያንስ አራት ጣት ይሁን። ኬፕ ፊትን እንጂ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም። ወንድሜን የገደለው ቁስል የወጣው ከጆሮው ጀርባ ነው። እጀ ሙሉ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ጨርቁ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ይሁን።

አራተኛ፣ አቅም ከፈቀደ ሰንስክሪን የሚባለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው፣ ልብስ በማይሸፍነው ቦታ ይቀባ፣ ውጭ ከዋለ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። ዋጋው ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ታስቦ ኪሊሰን የሚባል ቅባት እዚያው ይመረታል፣ በእኛም አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዲስፋፋ እመኛለሁ። እስከዚያው ግን «ቅባቱን መግዛት አልቻልኩም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ባርኔጣ፣ ልብስና ጥላ ዋናውን ሥራ ይሠራሉ።

አምስተኛ፣ ቆዳውን በየወሩ ራሳችሁ እዩት። ጆሮ፣ ማጅራት፣ ከንፈር፣ አፍንጫና የእጅ ጀርባ አይረሱ። የሻከረና የማይለቅ ቅርፊት፣ በአራት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ነካ ሲደረግ የሚደማ እብጠት ካያችሁ «ምች ነው» አትበሉ። ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል፣ በወሎ ደግሞ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ምልክት ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በየስድስት ወሩ ማስመርመር መልካም ነው። የሻከረው ቆዳ ካንሰር ሳይሆን በፊት በቅዝቃዜ ሊቃጠል ይችላል። ጅማሬው ላይ ያለ ካንሰርም ብዙውን ጊዜ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

ስድስተኛ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የፊት ወንበር ይሰጠው፣ ዓይኑ ይመርመር፣ በሰልፍ ሰዓት ከነባርኔጣው ጥላ ሥር ይቁም። ይህ የዓይን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰሌዳው ያልታየው ልጅ ትምህርቱን ይተዋል፣ ትምህርቱን የተወ ልጅ ማሳ ውስጥ ይውላል፣ ማሳ ውስጥ የዋለ ቆዳ ይቆስላል። ወንድሜ የሄደበት መንገድ ይህ ነበር። ከፊት ወንበር የሚማር ልጅ ነገ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙያ ያገኛል።

የልጅነት ጠባሳ

ጥቁር ቆዳ ያለን ሌሎቻችንም ከልጅነት የምናመጣው ዕዳ አለ። በየቤታችን ምድጃው መሬት ላይ ነው። ስንት ሕፃን እሳት ላይ ወድቆ፣ ስንቱስ የፈላ ውኃ ፈስሶበት አድጓል! በደንብ ሳይታከም የዳነ የቃጠሎ ጠባሳ፣ በተለይ እየተሰነጣጠቀ የሚቆስል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ቁስል በ1828 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ በጻፈው በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በማርዦለን ስም ይጠሩታል። እንግዲህ ምድጃችንን ከፍ እናድርግ ወይም እንከልለው። የተቃጠለን ልጅ ሊጥና ቡና ከመቀባት ይልቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አጥበን ወደ ሕክምና እንውሰድ። የቆየ ጠባሳ እንደገና ቆስሎ አልድን ካለም ችላ አንበለው።

ቤተ ክርስቲያንስ?

በእኛ አጥቢያ የእህቶች ኅብረት ከመጋረጃ በተረፈ ጨርቅ ሰፋ ያለ ክፈፍ ያላቸው ባርኔጣዎች ሰፍቶ ነበር። ለዚያች ሕፃን ብቻ ሰጥተን እንዳናገልላት ለሰንበት ትምህርት ልጆች ሁሉ አደልን። አሁን ልጅቱ ሁለት ዓመት አልፏታል። ጃንጥላዋን የሚይዝላት አባቷ ነው። እኔ ቆዳዋን ሳይ እስካሁን የሻከረ ቦታ አላገኘሁባትም። በዚህ ዕድሜው ወንድሜ ጉንጩ ተቃጥሎ ነበር።

እናንተም በየአጥቢያችሁ ልታደርጉ የምትችሉት አለ። የልጆች ፕሮግራም ከአዳራሽ ውጭ ሲሆን ጥላ ያለበትን ቦታ ምረጡ። በኮንፈረንስ ጊዜ ድንኳኑ የማይደርስበት ቦታ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ወገን ካያችሁ ወንበራችሁን ልቀቁለት። ሥራ የምትሰጡ ወንድሞች በቢሮና በሱቅ ውስጥ ቦታ ስጧቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰኔ 6 ቀን ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይከበራል። ለሰኔ 6 ቅርብ በሆነው እሑድ በጉባኤ ፊት አምስት ደቂቃ ተሰጥቶ ይነገር።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ አልቢኒዝም እንዳለበት ይገመታል። ስለዚህ ከእናንተ አንዷ ዘንድሮ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ጠጉሩ የጤፍ ጭድ የመሰለ ሕፃን ታገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ እናቲቱን «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ባንልም «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» በሉና ልጁን ተቀብላችሁ ሳሙት። ከገንፎው ጋር ክፈፍ ያለው ትንሽ ባርኔጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፀሐይ እንዳታሞቀውም በፍቅር ንገሯት። ያን ቀን የነገራችኋት ቃል የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ጎልማሳ በሕይወት እንዲኖር ያደርግ ይሆናል።

ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።